የመኪና ትርፍ ቁልፍና የስርቆት መከላከያ፦ የትኛው ለማን ይሻላል?

ባለፈው ዓመት ሚያዝያ ላይ ቤተሰብ ይዤ ቢሾፍቱ ወረድኩ። ሆራ ዳር ዋልን። አመሻሽ ላይ ወደ መኪናው ስንመለስ ኪሴን ዳበስኩ። ቁልፉ የለም። የተቀመጥንበትን ሣር ሁሉ በስልክ መብራት አሰስን። የለም።

መኪናዋ ቪትዝ ናት። ስገዛት የተሰጠኝ አንድ ቁልፍ ብቻ ነበር። ደላላውን "ሁለተኛውስ?" ስለው "እሱ ጠፍቷል፣ በፈለጉ ጊዜ ያስቀርጻሉ" አለኝ። እኔም ዛሬ ነገ እያልኩ ሁለት ዓመት አለፈ።

የአካባቢው ልጅ ቀጭን ሽቦ ይዞ መጣ። ትንሽ ታገለና በሩን ከፈተው። ሦስት ደቂቃ እንኳ አልፈጀበትም። ሞተሩን ማስነሳት ግን አልተቻለም፤ ቁልፉ ቺፕ፣ ማለትም መኪናዋ የምትለየው ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ መለያ፣ ያለው ነበር። ልጆቹን በታክሲ መለስን። መኪናዋ በማግስቱ በጭነት መኪና ተጭና አዲስ አበባ ገባች። ለማጓጓዣው፣ ለአዲሱ ቁልፍና ለኮምፒውተር ሥራው ያወጣሁት ገንዘብ በጊዜው ትርፍ ቁልፍ ባስቀርጽ ከሚያስወጣኝ ብዙ እጥፍ ነበር።

ያን ምሽት አንድ ነገር በደንብ ገባኝ። በሩ ለማንም ይከፈታል። ሌባውን የሚያቆመው ቺፑ ነው። ያው ቺፕ ግን ትርፍ ቁልፍ የሌለውን ባለቤትም መንገድ ላይ ያስቀረዋል። ስለዚህ ትርፍ ቁልፍና የስርቆት መከላከያ ለየብቻ የሚታሰቡ ነገሮች አይደሉም። እናንተን የሚያድን ቁልፍ ሁሉ ሌባ እጅ ከገባ ሌባውንም ያገለግላል።

ስለ ዋጋ አንድ ነገር ላስቀድም። ብሩን በቁጥር አልጻፍኩም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ ቶሎ ቶሎ ይለዋወጣል። ዛሬ የጻፍኩት ከነገ ወዲያ ያሳስታችኋል። በግምት "ርካሽ" ስል አንድ ጊዜ ነዳጅ ሞልቶ ከመቅዳት የማይበልጥ ማለቴ ነው። "መካከለኛ" ስል የአንድ ወይም የሁለት ጎማ ዋጋ። "ውድ" ከዚያ በላይ ነው።

## መጀመሪያ መመዘኛው

ቁልፍ ስትመርጡ አራት ጥያቄ ጠይቁ።

1. ሞተር ያስነሳል ወይስ በር ብቻ ይከፍታል?
2. ሌላ ሰው እናንተ ሳታውቁ ሊያስቀርጸው ይችላል?
3. ቢጠፋ ከመኪናው ኮምፒውተር ሊሰረዝ ይችላል?
4. አንዱ ሲጠፋ ምን ያህል ያስወጣል? ሁሉም ቢጠፉስ?

ሰው ብዙ ጊዜ የሚያየው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። እኔ ግን ትልቁን ክብደት የምሰጠው ለሦስተኛው ነው። የማይሰረዝ ቁልፍ አንዴ ከእጃችሁ ከወጣ ለሁልጊዜው ወጣ ማለት ነው።

መከላከያውን የምመዝነው በሦስት ነገር ነው። ሌባውን ገና ከውጭ ሲያይ ያስመልሰዋል? ከገባ በኋላ ያዘገየዋል? መኪናው ከሄደ በኋላ ያስገኘዋል? ሦስቱንም አሟልቶ የሚሠራ ዕቃ እስካሁን አላየሁም። ለዚህ ነው "ምርጡ የቱ ነው?" የሚለው ጥያቄ ብቻውን መልስ የሌለው። አራተኛ ነገር ልጨምር። በየቀኑ ሳትሰለቹ ትጠቀሙበታላችሁ? ሻንጣ ውስጥ ተጥሎ የሚውል የመሪ ቁልፍ (መሪው እንዳይዞር የሚያስር ብረት) ማንንም አያስቆምም።

## የእናንተ መኪና ቁልፍ የትኛው ነው?

ብዙ ሰው ቁልፉ ቺፕ ይኑረው አይኑረው አያውቅም። ቀላል መሞከሪያ አለ። ወጥ ቤት ያለውን አሉሚኒየም ፎይል ውሰዱ። የቁልፉን የፕላስቲክ ጭንቅላት ደህና አድርጋችሁ ደጋግማችሁ ጠቅልሉ። ብረቱ ብቻ ይውጣ። ከዚያ ለማስነሳት ሞክሩ። ሞተሩ እንደወትሮው ከተነሳ ቺፕ የለውም ማለት ይቻላል። ካልተነሳ ወይም ተነስቶ ወዲያው ከጠፋ ቺፕ አለው። ሌላው ምልክት፣ መኪናው ተቆልፎ ሲቆም ዳሽቦርዱ ላይ ብልጭ ድርግም የምትል የቁልፍ ወይም የመኪና ሥዕል ያላት ትንሽ መብራት ናት።

ሪሞት ስላለው ቺፕ አለው ብላችሁ ግን አትደምድሙ። ሪሞቱ በር የሚከፍት ነው። ቺፑ ሞተር የሚያስነሳ ነው። ሁለቱ የተለያዩ ናቸው።

## የቁልፍ አማራጮች

ተራ ብረት ቁልፍ። አሮጌ ዲኤክስ፣ የቆዩ ሃይሉክስና ላንድክሩዘር፣ ብዙ የጭነት መኪናዎችም በዚህ ነው የሚነሱት። ማስቀረጹ ርካሽ ነው፤ በደቂቃዎች ያልቃል። ጉዳቱም ይኸው ነው። ላቫጆ ወይም ጋራዥ የሰጣችሁት ቁልፍ ሻይ ጠጥታችሁ እስክትመለሱ ግልባጩ ሊወጣ ይችላል። ምንም የሚሰረዝበት መንገድ የለም። ጠፍቶ ልባችሁ ከተጠራጠረ መፍትሔው የማስነሻውንና የበሮቹን ሲሊንደር፣ ማለትም ቁልፉ የሚገባበትን የመቆለፊያ አካል፣ መቀየር ነው።

ቁልፍ ሠሪው ሲሠራ ቆማችሁ እዩት። ዋናውን በአንዱ መያዣ፣ ጥሬውን በሌላው ያስራል። አንዲት ጫፍ የዋናውን ጥርስ እየዳሰሰች ትሄዳለች። በዚያው ልክ መንኮራኩሩ ጥሬውን ይበላዋል። ቢጫ ብናኝ ጠረጴዛው ላይ ይረግፋል። በመጨረሻ በብሩሽ ጠረግ ጠረግ አድርጎ ይሰጣችኋል። ልብ በሉ፤ ማሽኑ የሚገለብጠው ያየውን ነው። የእናንተ ቁልፍ አሥር ዓመት ሠርቶ ጥርሱ ካለቀ፣ የሚወጣው አዲስ ቁልፍም ያለቀ ነው። የግልባጭ ግልባጭ ሲሆን ደግሞ ስህተቱ እየተደመረ ይሄዳል። "በር ይከፍታል፣ ሞተር ላይ ግን ይይዛል" የሚባለው ብዙ ጊዜ ከዚህ ነው የሚመጣው።

አዲስ መኪና ሲገዛ ከቁልፎቹ ጋር ቁጥር የተቀረጸበት ትንሽ ብረት ይሰጣል። ያ ቁጥር የቁልፉ ጥርስ ልክ ነው። ማሽኑና ዕውቀቱ ያለው ባለሙያ ከቁጥሩ ተነስቶ እንደ ፋብሪካው አድርጎ ይቀርጽላችኋል። ብረቷን ቤት አስቀምጧት። መኪና ውስጥ አትተዉአት፤ ቁጥሩን ያየ ሰው ቁልፉን እንዳየ ነው።

ቺፕ ያለው ቁልፍ። በፕላስቲኩ ውስጥ ከስንዴ ፍሬ ትንሽ የምትበልጥ የብርጭቆ ቅንጣት፣ ወይም ጥቁር ሽብልቅ መሳይ ነገር አለች። ባትሪ የላትም። የቁልፍ ማስገቢያውን የከበበ የሽቦ ጥቅል በአየር ኃይል ይሰጣታል፤ እሷም መልስ ትሰጣለች። መልሱ ልክ ካልሆነ የመኪናው ኮምፒውተር ሞተሩን አያስነሳም። ይህ ሥርዓት ኢሞቢላይዘር ይባላል።

ጥቅሙን ለማየት አሜሪካ የሆነውን ማስታወስ ይበቃል። እዚያ በ2015 እ.ኤ.አ. ከተሠሩት የሃዩንዳይና የኪያ ሞዴሎች ኢሞቢላይዘር እንደ መደበኛ ዕቃ የተገጠመላቸው 26 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ። በሌሎቹ ፋብሪካዎች 96 በመቶ ነበር። ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወጣቶች እነዚያን መኪናዎች በዩኤስቢ ገመድ ጫፍ እያስነሱ መንዳት ያዙ። ነገሩ በማኅበራዊ ሚዲያ ተዛመተ። በየካቲት 2023 እ.ኤ.አ. ፋብሪካዎቹ ለ8.3 ሚሊዮን ያህል መኪናዎች ነጻ የሶፍትዌር ማሻሻያ አቀረቡ፤ የመሪ ቁልፍም በነጻ ታደለ። ዋሽንግተንና ሜሪላንድ ያላችሁ ወገኖች ያገለገለ መኪና ስትገዙ ይህን ጠይቁ። የዚያች ትንሽ ቅንጣት መኖርና አለመኖር ይህን ያህል ለውጥ ያመጣል።

ትርፍ ቺፕ ቁልፍ በሁለት መንገድ ይሠራል። ልዩነቱን ሳትጠይቁ ገንዘብ አትክፈሉ።

አንደኛው ማባዛት ነው። የነባሩ ቺፕ ኮድ ተነብቦ በባዶ ቺፕ ላይ ይገለበጣል። መኪናው ሁለቱን አይለያቸውም፤ አንድ ቁልፍ ናቸው። ሥራው ፈጣን ነው፤ መኪናውን ይዞ መሄድም ላያስፈልግ ይችላል። ነገር ግን ብዜቱ ቢጠፋ እሱን ብቻ ለይቶ መሰረዝ አይቻልም። ዋናው የሚሠራ እስከሆነ እሱም ይሠራል።

ሁለተኛው ማስመዝገብ ነው። አዲሱ ቺፕ የራሱ መለያ ይዞ በመኪናው ኮምፒውተር ውስጥ ይገባል። መኪናው የግድ መገኘት አለበት። ዋጋው ትንሽ ከፍ ይላል። ከጠፋ ግን ይሰረዛል፤ ያገኘው ሰው በር ቢከፍትበት እንጂ ሞተር አያስነሳበትም። ለእኔ ይህኛው ይበልጣል። የሚሠራ ቁልፍ በእጃችሁ እያለ ማስመዝገብ ብዙ ጊዜ መካከለኛ ዋጋ ነው። ሁሉም ከጠፋ በኋላ ግን ኮምፒውተሩን ከሥሩ ማስተካከል ይመጣል፤ አንዳንዴ የኮምፒውተር ሳጥኑን ፈትቶ ማውጣት አለ፤ የማጓጓዣም ይጨመራል። ውድ የሚሆነው ያኔ ነው።

በቶዮታ ቁልፎች ብረት አንገት ላይ አንዳንዴ የእንግሊዝኛው "ጂ" ወይም "ኤች" ፊደል ተቀርጾ ታያላችሁ። የቺፑን ዓይነት ይነግራል። ባለሙያው ሳያየው "ያው ነው" ካላችሁ ሌላ ዘንድ ሂዱ። ቅርፊት ብቻ ስታስቀይሩም ተጠንቀቁ። ታጣፊ፣ የሚያምር ቅርፊት ተገጥሞላቸው ቺፑ ከአሮጌው ፕላስቲክ ጋር የተጣለባቸው ሰዎች አሉ። አሮጌውን ቅርፊት ሞተሩ ተነስቶ ሳታዩ አትጣሉ።

ፑሽ ስታርት። ቁልፉ ኪስ ውስጥ እያለ በሩ ይከፈታል፤ ሞተሩ ቁልፍ በማዞር ሳይሆን አዝራር በመጫን ይነሳል። ምቾቱ ግልጽ ነው። ትርፍ ቁልፉ ግን ውድ ነው። ዱባይ ያለች እህቱን "አንድ ቁልፍ ላኪልኝ" የሚል ብዙ ሰው አውቃለሁ። መላኩ ጥሩ ነው፤ ግን ሦስት ነገር ይመሳሰል፦ የሞዴሉ ዓይነት፣ የመኪናው ሥሪት አገርና የሞገዱ ድግግሞሽ። አንዳንዱ 315፣ አንዳንዱ 433 ሜጋኸርዝ ነው። ያገለገለ ቁልፍ እንዳይሆንም ንገሯት። ብዙዎቹ አንዴ ከአንድ መኪና ጋር ከተያያዙ ለሌላ መኪና አይመዘገቡም፤ መጀመሪያ በልዩ መሣሪያ መከፈት አለባቸው።

ደካማ ጎኑ ይህ ነው። ቁልፉ ሁልጊዜ ያዳምጣል። ሁለት ሌቦች ሁለት መሣሪያ ይዘው፣ አንዱ ቤታችሁ በር ላይ፣ አንዱ መኪናው ዘንድ ይቆማሉ። የቁልፉን ምልክት ያስተላልፋሉ። መኪናው ቁልፉ አጠገቡ ያለ ይመስለዋል። የጀርመኑ የመኪና ባለቤቶች ማኅበር አዳክ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባደረገው ሙከራ እጅግ ብዙ ሞዴሎች በዚህ መንገድ ተከፍተው ተነስተዋል። መከላከያው ቀላል ነው። ቁልፉን ከበር ራቅ አድርጉ። ምልክት የማያሳልፍ ቦርሳ ውስጥ ክተቱት። ብዙ የቶዮታ ስማርት ቁልፎችን ማስተኛትም ይቻላል፤ የመቆለፊያውን አዝራር ይዛችሁ መክፈቻውን ሁለት ጊዜ ተጫኑ፤ መብራቱ አራት ጊዜ ብልጭ ካለ ተኝቷል። ትርፉን ቁልፍ ቤት ስታስቀምጡ ይህን ብታደርጉ ባትሪውም ይቆያል።

ባትሪው ቢያልቅስ? አትደንግጡ። ቁልፉ ውስጥ ተስባ የምትወጣ ብረት አለች፤ በሩን ትከፍታለች። ከዚያ ቁልፉን ወደ ማስነሻው አዝራር አስጠግታችሁ ፍሬን ረግጣችሁ ተጫኑ። ብዙዎቹ ይነሳሉ። ይህን ዛሬውኑ ግቢያችሁ ውስጥ ሞክሩት፤ ጨለማ መንገድ ላይ መማር ይከብዳል።

ካርድና ስልክ። ከቻይና የሚገቡት የኤሌክትሪክ መኪናዎች ብዙዎቹ በካርድ ወይም በስልክ መተግበሪያ ይከፈታሉ። ካርዱ ጥሩ ትርፍ ቁልፍ ነው፤ ባትሪ አይፈልግም፣ ኪስ ቦርሳ ውስጥ ይገባል። መተግበሪያው ግን ጥያቄ አለው። መኪናው በማን ስም ነው የተመዘገበው? አስመጪው ወይም የቀድሞው ባለቤት መለያውን ካልሰረዘ እሱ ዘንድ ያለው ስልክ አሁንም ቁልፍ ሊሆን ይችላል። ርክክብ ከመፈረማችሁ በፊት ፊታችሁ ያስሰርዝ።

## ትርፉን ቁልፍ የት?

መኪናው ውስጥ አይሆንም። የጎማ መሸፈኛ ሥር በማግኔት የሚለጠፍ ሳጥንም አይሆንም፤ ያን ቦታ ሌባ ከእናንተ ቀድሞ ያውቀዋል። ለሰፈር ጥበቃ መስጠትም አይመከርም፤ መኪናው ቢጠፋ መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ነው፣ ለእሱም ፍትሐዊ አይደለም። ሥራ ቦታ ያለ የሚቆለፍ መሳቢያ ወይም የምታምኑት ዘመድ ቤት ጥሩ ነው። ቁልፉ ላይ የታርጋ ቁጥር አትጻፉ። በወር አንዴ ሞተር አስነሱበት።

ብልህ የሆነ ርካሽ አማራጭም አለ። ቺፕ ላለው መኪና፣ ቺፕ የሌለው ብረት ብቻ አስቀርጹ። በር ይከፍታል፤ ሞተር አያስነሳም። ቁልፍ ውስጥ ትቶ በር የመዝጋት ልማድ ላለው ሰው ይኸው ይበቃዋል። ባለቤቴ ቦርሳ ውስጥ አንድ አለ።

## የስርቆት መከላከያ አማራጮች

የመሪና የማርሽ ቁልፍ። የመሪው ብረት ከሩቅ ይታያል። ዋናው ጥቅሙ እሱ ነው፤ ሌባው ቀጣዩን መኪና ይመርጣል። ችግሩ መሪው ራሱ በመጋዝ የሚቆረጥ መሆኑ ነው። የማርሽ ቁልፍ ከመኪናው አካል ጋር በብሎን ስለሚታሰር ይጠነክራል፤ ከውጭ ግን ብዙ አይታይም። ሁለቱም ወርሃዊ ክፍያ የላቸውም። ሁለቱም የሚሠሩት ስትቆልፏቸው ብቻ ነው። ቺፕ ለሌለው አሮጌ መኪና ከሁሉ ቀድሜ የምመክረው ይህንን ነው።

አላርም። በአዲስ አበባ ሌሊት አይሱዙ ባለፈ ቁጥር የሚጮህ አላርም ሁላችንም እናውቃለን። ስለለመድነው ማንም በመስኮት አያይም። ባትሪው ከተቆረጠ፣ የራሱ ባትሪ ያለው ካልሆነ፣ ዝም ይላል። ስፖኪዮ ለመንቀል የመጣን ልጅ ሊያስደነግጥ ይችላል፤ መኪናውን ለመውሰድ የመጣን ግን እምብዛም። ካለ ይኑር፤ ለብቻው ግን አትመኩበት።

ስለ ስፖኪዮ ካነሳን፣ ከሙሉ መኪና ይልቅ ብዙዎቻችን የምንሰረቀው እሱን፣ ፍሬቻውንና ስኮርት ጎማውን ነው። መስታወቱ ላይ የታርጋ ቁጥር ማስቀረጽ ርካሽ ነው። ገበያ ላይ ዋጋውን ስለሚያበላሽ ሌባው ያልፈዋል።

ድብቅ ማጥፊያ። ኤሌክትሪሺያን አንድ ማብሪያ ማጥፊያ እናንተ ብቻ በምታውቁት ቦታ ይደብቃል። ርካሽ ነው፤ ጥሩ ከተሠራ እጅግ ጠቃሚ ነው። ግን የት ላይ እንደሚቆርጥ ጠይቁ። ሞተር ማስጀመሪያውን ብቻ የሚቆርጥ ከሆነ ማንዋል መኪና ተገፍቶ ይነሳል። የነዳጅ ፓምፑን የሚቆርጥ ይሻላል፤ ሌባው በቧንቧው በቀረው ነዳጅ ጥቂት ሜትር ሄዶ መንገድ መሃል ይቆማል። በሜካኒካል ፓምፕ የሚሠራ አሮጌ ናፍጣ መኪና ላይ ሥራው ስለሚለይ የሚያውቀው ሰው ይሥራው። ሽቦ በቴፕ ጠቅልሎ ብቻ የሚተው ሠራተኛ ግን መኪናችሁን አስፋልት ላይ ያጠፋባችኋል። ደግሞም ቦታውን የሚያውቅ አንድ ሌላ ሰው አለ፦ የገጠመው። የምታምኑት ይሁን።

ጂፒኤስ። ይህ ስርቆት አይከላከልም። ከተሰረቀ በኋላ ያስገኛል። ሰዎች ይህን ሲያደባልቁ ያሳዝነኛል። መሣሪያው ሲም ካርድ ይፈልጋል፤ ጥቅል ካለቀበት ወይም እንደ ምድር ቤት ያለ ኔትወርክ የሌለበት ቦታ ከገባ ተራ ብረት ነው። ያም ሆኖ በራይድ ለሚሠራ ወይም መኪናውን ለሹፌር ለሰጠ ሰው የሚተካከለው የለም።

ስትገጥሙ አራት ነገር ጠብቁ። ሁሉም ከሚያየው የዳሽቦርድ ሥር አይሁን። የራሱ ትንሽ ባትሪ ይኑረው። ብዙዎቹ ርካሽ መሣሪያዎች 123456 በሚል የይለፍ ቃል ነው የሚመጡት፤ ካልቀየራችሁት የገጠመው ሰውም ሌላውም መኪናችሁን ይከታተላል። ሞተር በርቀት የሚያጠፋ ከሆነ ደግሞ መኪናው እየሮጠ እያለ እንዳይቆርጥ አስተካክሉት። መኪናው ሲቆም ቆርጦ ዳግም እንዳይነሳ ማድረግ በቂ ነው። ያለዚያ መንገደኛ ታስገድላላችሁ።

ኢንሹራንስ። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ የሆነው የሦስተኛ ወገን ዋስትና የተሰረቀ መኪናችሁን አይከፍልም። እሱ በሌላው ላይ ለደረሰ ጉዳት ነው። ስርቆት የሚገባው በሙሉ ዋስትና ውስጥ ነው። ውሉን ስታነቡ የስፖኪዮና የመሳሰለው ከፊል ስርቆት መካተቱን ጠይቁ። ቁልፍ መኪናው ላይ ተትቶ ለጠፋ ምን እንደሚሉም ጠይቁ። ሁለቱንም ቁልፍ አምጡ የሚል ጥያቄም ሊመጣ ይችላል፤ ትርፉ ቁልፍ እዚህም ይሠራል።

## በአጭሩ ጎን ለጎን

| አማራጭ | ዋጋ | ሌባን ያስመልሳል? | ያዘገያል? | ያስገኛል? | የሚጠበቅባችሁ |
|---|---|---|---|---|---|
| ተራ ብረት ግልባጭ | ርካሽ | አይ | አይ | አይ | ለማን እንደሰጣችሁ ማወቅ |
| የተባዛ ቺፕ ቁልፍ | ከርካሽ እስከ መካከለኛ | አይ | አዎ፣ እስካልጠፋ | አይ | እንዳይጠፋ መጠበቅ፤ ለብቻው አይሰረዝም |
| የተመዘገበ ቺፕ ቁልፍ | መካከለኛ | አይ | አዎ፣ በደንብ | አይ | ሲጠፋ ቶሎ ማሰረዝ |
| የፑሽ ስታርት ትርፍ | ውድ | አይ | አዎ፣ ምልክቱ ከተጠበቀ | አይ | ባትሪ፣ መከላከያ ቦርሳ |
| የመሪ/የማርሽ ቁልፍ | ከርካሽ እስከ መካከለኛ | አዎ | በመጠኑ | አይ | በየቀኑ መቆለፍ |
| አላርም | መካከለኛ | በመጠኑ | አይ | አይ | በትንሽ በትልቁ እንዳይጮህ ማስተካከል |
| ድብቅ ማጥፊያ | ርካሽ | አይ | አዎ፣ በደንብ | አይ | ታማኝ ኤሌክትሪሺያን |
| ጂፒኤስ | መካከለኛና ተከታታይ ክፍያ | አይ | ሞተር የሚያጠፋው ብቻ | አዎ | ሲም፣ ጥቅል፣ የይለፍ ቃል |
| ሙሉ ዋስትና | ውድ፣ በየዓመቱ | አይ | አይ | ገንዘቡን | ውሉን ማንበብ |

## ለማን የትኛው?

አሮጌ፣ ቺፕ የሌለው መኪና ላለው። ገንዘባችሁን ቁልፍ ላይ አታብዙ። አንድ ንጹህ ግልባጭ፣ የመሪ ወይም የማርሽ ቁልፍ፣ ድብቅ ማጥፊያ። ሦስቱ ተደምረው ከአንድ ጥሩ ጂፒኤስ ሊያንሱ ይችላሉ። ሲሊንደሩ ላልቶ ሌላ ቁልፍ የሚቀበል ከሆነ ከሁሉም በፊት እሱን ቀይሩ።

አንድ ቺፕ ቁልፍ ብቻ ላለው። ሌላውን ሁሉ ተዉትና በዚህ ሳምንት ሁለተኛ አስመዝግቡ። አላርሙም ጂፒኤሱም ይቆይ። እኔ ያልሰማሁት ምክር ይህ ነው።

በራይድ ለሚሠራ። የተመዘገበ ትርፍ ቁልፍ ቤት ይቀመጥ፣ ጂፒኤስ ከርቀት ማጥፊያ ጋር ይገጠም። የጂፒኤሱን መለያ የትዳር አጋር ወይም ወንድም ስልክ ላይም አስገቡ። በማስፈራሪያ ቁልፍ ስጥ የሚል ሰው ከገጠማችሁ ስጡ። ውረዱ፣ ራቁ፣ ከዚያ 991 ደውሉ። መኪናው ይፈለጋል።

የፑሽ ስታርት ወይም የኤሌክትሪክ መኪና ላለው። ሁለተኛ ቁልፍ ወይም ካርድ፣ መከላከያ ቦርሳ፣ ሙሉ ዋስትና። የመኪናው ዋጋ ከፍ ያለ ስለሆነ እዚህ ላይ ጂፒኤስ መጨመሩ ያዋጣል። የመሪ ቁልፍም አትናቁ፤ ከቁልፍ ምልክት ጋር የሚጫወት ሌባ መጋዝ ይዞ አይመጣም።

መኪናውን ውጭ ለሚያሳድር። የሚታይ ነገር ይቅደም። መሪው ላይ ቢጫ ወይም ቀይ ብረት፣ መስታወቱ ላይ የተቀረጸ ታርጋ። ውስጡ ምንም አይታይ፤ ባዶ ፌስታል እንኳ ጋቢና ላይ አትተዉ።

ያገለገለ መኪና ለሚገዛ። ይህ ከሁሉም ያስጨንቀኛል። ሊብሬውንና የሻንሲ ቁጥሩን ታመሳክራላችሁ፣ ሞተሩን ለመካኒክ ታሳያላችሁ። ቁልፉን ግን አንዱን ተቀብላችሁ ትሄዳላችሁ። ያ መኪና ከእናንተ በፊት ባለቤቱ፣ ሹፌሩ፣ ደላላው፣ አጣቢውና መካኒኩ ይዘውታል። ቺፕ ካለው፣ በገዛችሁበት ቀን ኮምፒውተር አስገጥማችሁ ስንት ቁልፍ እንደተመዘገበ አስነቡ። ሁሉንም አስደምስሱና በእጃችሁ ያሉትን ብቻ እንደ አዲስ አስመዝግቡ። ቺፕ ከሌለው የማስነሻውን ሲሊንደር ቀይሩ።

ከቢሾፍቱ ተጭና የመጣችው ቪትዜ ጋ ባለሙያው መጀመሪያ ብረቱን ቀረጸ። ከዚያ መሣሪያውን ከመሪው ሥር ሰካ። ስክሪኑን ትንሽ አየውና "ጋሼ፣ ስንት ቁልፍ ነበረዎት?" አለኝ።

"አንድ።"

ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረው። የተመዘገቡት ሦስት ነበሩ።